ለንደን ቤት ስትቀይሩ መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ፖስታ በፌስታል ይዞ ቤቴ መጣ። ቆጠርናቸው፤ አስራ አንድ ናቸው። ዘጠኙ አልተከፈቱም። «ለምን አልከፈትካቸውም?» ስለው «ስሜ የለበትማ» አለኝ። እውነቱን ነው። ፖስታው ላይ የተጻፈው «ለቤቱ ነዋሪ» የሚል ነው። ነዋሪው ግን እሱ ነው። ቤቱን ከተከራየ አስር ወር ሆኖታል። አስር ወር ሙሉ መብራት አብርቷል፣ በጋዝ ቤቱን አሙቋል፣ አንድ ፔኒ አልከፈለም። የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ከዕዳ ሰብሳቢ ነው።

ልጁ አጭበርባሪ አይደለም። ኪራዩን በቀኑ ይከፍላል። ካውንስል ታክሱንም (የአካባቢ አስተዳደሩን ግብር) ይከፍላል። መብራትና ጋዙ ኪራዩ ውስጥ ያለ መስሎት ነው። ኤጀንቱ ቁልፍ ሲሰጠው ስለ ቆጣሪ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እሱም አልጠየቀም። ሁለቱም ያናድዱኛል። ይህን ጉዳይ በስልክ ለስንቱ እንዳስረዳሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው።

ግራ የሚያጋባን የአገራችን ልማድ ነው። አዲስ አበባ ተከራይ ስንሆን ቆጣሪው የአከራይ ነው። ወሩ ሲደርስ «የመብራት ይህን ያህል ደርሶባችኋል» እንባላለን፣ እንከፍላለን። ድርጅቱም አንድ ነው፤ ስሙ ስንቴ ቢቀየር ለእኛ ያው መብራት ኃይል ነው። እዚህ እንግሊዝ ግን ገመዱ የአንድ ድርጅት ነው፤ በዚያ ገመድ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚሸጥላችሁ ሌላ ነው። ሻጮቹ ብዙ ናቸው። የእናንተ ቤትና የጎረቤታችሁ ቤት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሻጫቸው ሊለያይ ይችላል። መብራት ሲጠፋ የሚደወለው ለገመዱ ባለቤት ነው፤ በነጻ 105። ጋዝ ከሸተታችሁ 0800 111 999፣ በማንኛውም ሰዓት። ሂሳብ ሲበዛባችሁ የምትደውሉት ለሻጩ ነው። ይህን ሳይለዩ በየስልኩ ሰልፍ የሚቆሙ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር፦ ምንም ባትፈርሙም ውል አለባችሁ። ኪራዩ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ፣ ለቤቱ ኤሌክትሪክና ጋዝ ሲያቀርብ የነበረው ኩባንያ የእናንተ ሻጭ ይሆናል። ዋጋውም ኩባንያው በመደበኛነት የሚያስከፍለው ተለዋዋጭ ዋጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ርካሽ አይደለም። «እኔ አልተዋዋልኩም» ማለት አያዋጣም። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ኪራዩ ከጀመረበት ቀን እንጂ አልጋ ካስገባችሁበት ቀን አይደለም። ሁለት ሳምንት ዘግይታችሁ ብትገቡም የሁለት ሳምንቱ የእናንተ ነው።

ስለዚህ ቁልፍ በተቀበላችሁበት ቀን፣ ሻንጣ ሳትፈቱ፣ ቆጣሪዎቹን ፈልጉ። ከደረጃ ስር፣ ኮሪደር ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ፣ ከውጭ በር አጠገብ፣ አንዳንዴ ኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ ይሆናሉ። ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ ንባቡም የቆጣሪው መለያ ቁጥርም በግልጽ ይታይ። ቀኑ በስልካችሁ ላይ ይመዘገባል። ለራሳችሁም ኢሜይል አድርጉት፤ ስልክ ይጠፋል። ንባቡን ስትጽፉ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ወይም በቀይ የተጻፉትን አሃዞች ተዉአቸው።

ሻጩ ማን እንደሆነ አከራዩን ጠይቁ፤ መልሱን ግን አትመኑ። አከራዮች ከሦስት ተከራይ በፊት የነበረውን ስም ይነግሯችኋል። ለኤሌክትሪክ የኢነርጂ ኔትዎርክስ አሶሲዬሽን ድረ ገጽ ላይ ፖስት ኮዳችሁን ስታስገቡ የገመዱን ባለቤት ያሳያችኋል፤ ሻጫችሁ ማን እንደሆነ እሱን ጠይቁ። ለጋዝ ደግሞ ፋይንድ ማይ ሰፕላየር የሚባል ገጽ አለ። ኤሌክትሪኩና ጋዙ የተለያየ ኩባንያ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም እዩ። ከዚያ ለሻጩ ደውሉ፤ ኪራዩ የጀመረበትን ቀንና ንባቡን ስጡ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። እንግሊዝኛ በደንብ ለማይናገር፣ ለአረጋዊ፣ ለታመመና ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ቤተሰብ የቅድሚያ አገልግሎት መዝገብ አለ። መመዝገብ ነጻ ነው።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ ስም እዚህ ይበጣጠሳል። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ይጻፋል። ቢሉ ላይ ያለው ስም ኢ-ቪዛችሁ ላይ ካለው ካልተመሳሰለ ባንኩ ለአድራሻ ማረጋገጫ ላይቀበለው ይችላል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ የአባት ስማችሁ ስለሚለያይ ሁለታችሁንም አካውንቱ ላይ አስገቡ። ዋርም ሆም ዲስካውንት የሚባለው የክረምት ቅናሽ 150 ፓውንድ ነው። እሱን ለማግኘት ድጎማ የሚቀበለው ሰው ወይም የትዳር አጋሩ ስም ቢሉ ላይ መኖር አለበት። በጓደኛ ስም አካውንት ከፍቶ የሚኖር ሰው ይህን ያጣል። በነገራችን ላይ፣ «እኔ እሞላልሃለሁ» ብሎ በራሱ ኢሜይል አካውንት የሚከፍትላችሁን ወዳጅ አመስግናችሁ ከልክሉ። ክፋት ላይኖረው ይችላል። ግን እሱ ስልክ ባላነሳ ቀን ከገዛ ቢላችሁ ትቆለፋላችሁ።

አሁን እኔ የወደቅኩበትን ልንገራችሁ።

ደቡብ ለንደን፣ ለሦስት የተከፈለ አሮጌ ቤት ውስጥ መካከለኛው ፎቅ ተከራየሁ። ከደረጃው ስር ሦስት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» ተብሎ ተለጥፏል። የኔ ፍላት «ቢ» ነው። የ«ቢ»ን ቆጣሪ ፎቶ አነሳሁ፣ ደወልኩ፣ አካውንት ከፈትኩ። በየወሩ ንባብ እልካለሁ። ሁሉን በትክክል ያደረግኩ መስሎኛል።

ቢሉ መጣ። ለብቻዬ ነው የምኖረው፤ ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። የመጣብኝ ግን የአንድ ቤተሰብ ሂሳብ ነው። ስደውል «የተጠቀምሽው ነው» ይሉኛል። እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። እንጀራ በሁለት ሳምንት አንዴ መጋገር ጀመርኩ። ማሞቂያውን አጥፍቼ ካፖርት ለብሼ ተቀመጥኩ። ወሩ ሲመጣ ሂሳቡ ያው ነው። እንዲህ ሰባት ወር ሄደ።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ አገር ቤት ኤሌክትሪሺያን የነበሩ አንድ አባት አሉ። ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፊና ወርደሽ ቆጣሪውን እዪው» አሉኝ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብልጭ ይላል። ብዙዎቹ ላይ «1000» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሺህ ጊዜ ይበራል ማለት ነው። ቤቴ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ። ፍሪጁ ዝም አለ። ወረድኩ። የ«ቢ» መብራት ምንም እንዳልተፈጠረ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጎኑ ያለው የ«ኤ» መብራት ቀጥ ብሏል። ተመልሼ ምጣዱን ሰካሁ። ስወርድ «ኤ» ዓይን እንደያዘው ሰው ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። ሰባት ወር የከፈልኩት ከታች ላሉት፣ ለሁለት ልጆቻቸውና ለልብስ ማድረቂያቸው ነበር።

ጎረቤቶቹ አላወቁም፤ እነሱም ደንግጠዋል። ስህተቱ ቤቱ ሲከፈል ወይም ቆጣሪው ሲቀየር የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያደከመኝ። ሻጩ «የገመዱ ባለቤት ጋ ደውዪ» አለኝ። የገመዱ ባለቤት «ሻጭሽ ጋ ደውዪ» አለኝ። ሦስት ሳምንት እንደ ኳስ ተመላለስኩ። የለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ስልክ ትቼ በጽሑፍ፣ «ቅሬታ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ላክሁ። ቪዲዮ አያያዝኩ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሲጠፋ፣ ቆጣሪው ሲቆም። ቅሬታ ካቀረባችሁ ስምንት ሳምንት ከሞላ፣ ወይም ኩባንያው ከዚህ በላይ አልሄድም ብሎ ከጻፈላችሁ፣ ኢነርጂ ኦምቡድስማን ወደሚባለው ገለልተኛ ቅሬታ ሰሚ መሄድ ትችላላችሁ። ነጻ ነው። ውሳኔውን ከተቀበላችሁት ኩባንያው የመፈጸም ግዴታ አለበት። እኔ ስምንት ሳምንቱ ሊሞላ ሲል «ወደዚያ ልሄድ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ተደወለልኝ። ባለሙያ መጣ፣ መለያ ቁጥሮቹ ተስተካከሉ፣ የከፈልኩት ተመለሰ። በእውነት የተጠቀምኩት ከግማሽ በታች ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ብዙ ፍላት ባለበት ቤት ከገባችሁ በመጀመሪያው ቀን ይህን ሞክሩ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሁሉን አጥፉ፣ መብራቱ ይቁም። 3 ኪሎ ዋት የሆነ የሻይ ማፍያ ስትሰኩ በደቂቃ ሃምሳ ጊዜ ያህል ይብለጭለጭ። የእናንተ ካልሆነ ያኔውኑ ታያላችሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈ መለያ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ቢላችሁ ላይ ያለው የቆጣሪ መለያ ቁጥር ከዚያ ከሞከራችሁት ቆጣሪ ጋር አንድ አሃዝ ሳይቀር መመሳሰል አለበት።

የጋዝ ቆጣሪም የራሱ ጣጣ አለው። ፊቱ ላይ ሜትር ኪዩብ ወይም ጫማ ኪዩብ የሚል ምልክት ታያላችሁ። አሮጌዎቹ በጫማ ነው የሚቆጥሩት። አንዱ የአሮጌው ቁጥር ወደ 2.83 ሜትር ኪዩብ ነው። ኩባንያው አዲሱን ቆጣሪ እንደ አሮጌ ከመዘገበው ሂሳባችሁ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቢሉ ላይ የትኛው እንደተጻፈ አመሳክሩ።

ቤቱ ውስጥ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ካገኛችሁ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ቁልፍ፣ ለጋዝ ካርድ ካለ፣ የድሮውን ተከራይ ቁልፍ አንስታችሁ ሱቅ አትሩጡ። ቆጣሪው ላይ የሱ ዕዳ ሊኖር ይችላል፤ የሞላችሁት ገንዘብ በየሳምንቱ ለሱ ዕዳ ይቆረጣል። ደውላችሁ በስማችሁ አዲስ ቁልፍ አስልኩ። ለዛሬ ማታ ብርድ ካስገደዳችሁ ትንሽ ሙሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ በነጋታው ደውሉ።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። ኦፍጌም የሚባለው ተቆጣጣሪ በየሦስት ወሩ የዋጋ ጣሪያ ያወጣል። ጣሪያው የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋና የቀኑ ቋሚ ክፍያ ላይ ነው። ጠቅላላ ሂሳባችሁ ላይ አይደለም፤ ብዙ ከተጠቀማችሁ ብዙ ትከፍላላችሁ። የኔ አስተያየት፦ እንደገባችሁ ወዲያው ቋሚ ዋጋ፣ ማለትም እስከ ውሉ መጨረሻ የማይለወጥ ዋጋ፣ አትዋዋሉ። አንድ ሁለት ወር አጠቃቀማችሁን እዩ። የስድስት ወር ኪራይ ይዛችሁ መውጫ ቅጣት ያለው የዓመት ውል መፈረም ራስን ማሰር ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ከተጸጸታችሁ ለመሰረዝ 14 ቀን አላችሁ። በዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም በየወሩ ከባንክ በራሱ እየተቆረጠ፣ የምትከፍሉ ከሆነ በበጋ የሚጠራቀመው ለክረምት ነው፤ «በዛብኝ» ብላችሁ ባንክ ገብታችሁ አትሰርዙት። ትክክለኛ ንባብ ላኩና ክፍያው እንዲስተካከል ጠይቁ።

ኩባንያው በራሱ ጥፋት ሳይጠይቃችሁ የቆየ ሂሳብ ካመጣ፣ ከ12 ወር በፊት ለተጠቀማችሁት ሊያስከፍላችሁ አይችልም። ይህ ግን ፖስታ በፌስታል ላጠራቀመ ሰው አይሆንም። እነሱ ጽፈዋል፣ አላነበባችሁም።

ስትወጡም ያው ነው። የመጨረሻውን ቀን ንባብ በፎቶ ያዙ፣ አዲሱን አድራሻ ስጡ። የመጨረሻው ቢል በስድስት ሳምንት ውስጥ መምጣት አለበት። ትርፍ ካለ ገንዘባችሁ ነው፤ ካልተመለሰ ጠይቁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኢሜይሉን አብረን ስንፈልግ ልጁ በገባበት ቀን ኤጀንቱ የላከው የቤት ርክክብ ዝርዝር ተገኘ። ከሶፋውና ከመጋረጃው በታች፣ ገጽ አስራ አራት ላይ፣ የሁለቱም ቆጣሪ ንባብ ከነፎቶው ተቀምጧል። አስር ወር ሙሉ ኢሜይሉ ውስጥ ነበር። ዕዳው ከእሱ በፊት የነበረውን ተከራይ ሂሳብ እንደጨመረ በዚያው ታወቀ። ለኩባንያው ጽፈናል፣ በየወሩ የሚችለውን እንዲከፍልም ጠይቀናል። አሁን የሚፈልጉት የዛሬውን ንባብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አብሬው እሄዳለሁ፤ ቆጣሪው የት እንዳለ እስካሁን አያውቅም።