ድድ ሲደማ ምን ይደረጋል? የድድ በሽታን እንዴት መከላከልና ማከም እንደሚቻል

ጥርስ ተቦርሾ የሚተፋው ውኃ ቀላ ብሎ ሲታይ፣ ብዙ ሰው የደማውን ቦታ ላለመንካት ብሩሹን ከዚያ ያርቃል። ጥንቃቄ ይመስላል፤ በሽታውን የሚያባብሰው ግን ይኸው ነው። ጤናማ ድድ በለስላሳ ብሩሽ ሲነካ አይደማም። የሚደማው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተከማቸው የባክቴሪያ ንጣፍ ስላስቆጣው ነው፤ ስለዚህ ቦታው ሳይጸዳ በቆየ ቁጥር መድማቱ ይብሳል።

ፕላክ የሚባለው ይህ ንጣፍ የሚያጣብቅና ለስላሳ ሲሆን፣ ቀለሙ ከጥርስ ስለማይለይ በቀላሉ አይታይም። በ1965 በዴንማርክ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባካሄደው ጥናት፣ ድዳቸው ጤናማ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፣ ማጽዳቱን ሲቀጥሉ ደግሞ በሳምንት ገደማ ወደ ጤንነቱ ተመለሰ። የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም የድድ ብግነት፣ ሙሉ በሙሉ የሚድን መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ፕላኩ ሳይነሣ ከቆየ ግን በምራቅ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ያጠነክሩትና በብሩሽ የማይነቀል ታርታር ይሆናል። ብግነቱ ሥር ከሰደደ ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጥራል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ይሳሳል፤ የሳሳው አጥንት በራሱ አይመለስም።

የመጀመሪያው እርምጃ በቂ ብርሃን ባለበት በመስታወት ፊት ድድን መመርመር ነው። ቀለም ብቻውን ያሳስታል፤ ጤናማ ድድ በአንዱ ሰው ሮዝ፣ በሌላው ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ሊሆን ይችላል። ይልቁንስ ጠርዙ ስስ ሆኖ ጥርሱን አጥብቆ መያዙን ይመልከቱ። ያበጠ ጠርዝ፣ የማይለቅ የአፍ ጠረን፣ የረዘሙ የሚመስሉ ጥርሶች፣ አዲስ ክፍተት፣ መነቃነቅ ወይም መግል ካለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ስላልደማ ብቻ መዘናጋት የለበትም፤ ማጨስ የድድን መድማት ስለሚቀንስ በሽታው ተሸፍኖ ሊያድግ ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ አቦራረሽን ማስተካከል ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይምረጡና የብሩሹ ጸጉር በከፊል ድዱን፣ በከፊል ጥርሱን እንዲነካ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ይያዙት። ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ጥርስ እየያዙ፣ ብሩሹን ከቦታው ሳያርቁ በአጫጭር እንቅስቃሴ ካንቀጠቀጡት በኋላ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይጥረጉ። በምላስ በኩል ያለው የታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ታርታር ቶሎ የሚያበዛ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚዘነጋው እሱን ነው። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት፣ ለሁለት ደቂቃ ይቦርሹ። ኃይል መጨመር ንጽሕናን አይጨምርም፤ ድድን ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ። ብሩሹ በየሦስት ወይም አራት ወሩ፣ ጸጉሩ ከተንጨፈረረም ከዚያ በፊት ይቀየር።

ብሩሽ በጥርሶች መሃል አይገባም፤ የድድ በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። በቀን አንድ ጊዜ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የጥርስ ክር ወስደው በሁለቱ የመሃል ጣቶች ላይ ይጠቅልሉ፣ ድዱን እንዳይቆርጥ ቀስ ብለው እያመላለሱ ያስገቡት፣ ከዚያም እያንዳንዱን ጥርስ አቅፎ ወደ ድዱ ጠርዝ ገባ እንዲል አድርገው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። ክፍተቱ ሰፋ ካለ በጥርስ መሃል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ ከክሩ የተሻለ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድማት ያለ ነው፤ በየቀኑ እየጸዳ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላም ካልቆመ ግን ነገሩ በቤት ማጽዳት ብቻ ከሚፈታው በላይ ሆኗልና ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የአፍ መጉመጥመጫ ይህን ሥራ አይተካም። ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበት ዓይነት ሲቆይ ጥርስን ቡናማ ስለሚያደርግና ጣዕም ስለሚለውጥ፣ ሐኪሙ ካዘዘው ጊዜ በላይ አይወሰድ።

ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ የኪሱን ጥልቀት ይለካል፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በአብዛኛው ጤናማ ሲሆን፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከደማ ሕክምና ይፈልጋል። የአጥንቱን ሁኔታ ለማየት ራጅ ሊያዝም ይችላል። ታርታሩ በንዝረት በሚሠራ መሣሪያና በእጅ መፋቂያ ይነሣል፤ ኪሱ ጥልቅ ከሆነ በማደንዘዣ የጥርሱ ሥር ጭምር ይጸዳል። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ በኋላ ከሚታየው ለውጥ ይመስለኛል። ታርታሩ የሸፈነው ክፍተት ይገለጣል፣ ያበጠው ድድ ይሟሽሻል፣ ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ጊዜ ይጠዘጥዛል፤ አጥንቱ ቀድሞ የሳሳና በታርታር ተደግፎ የቆየ ጥርስም ድጋፉ ሲነሣ መነቃነቁ ይሰማል። ያሳሳው በሽታው እንጂ ማጽዳቱ አይደለም። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም ታርታሩን ስለማያነሣ በሽታውን አያድንም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኪሶቹ እንደገና ይለካሉ፤ ያልጠበቡ ጥልቅ ኪሶች ካሉ ድዱን ከፍቶ የማጽዳት ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል። ሥር የሰደደ የድድ በሽታ የታከመ ሰው በአብዛኛው በየሦስት ወይም አራት ወሩ እየታየ ይጸዳለታል፤ የሌሎችን የቀጠሮ ርቀት ሐኪሙ እንደየሰዉ ሁኔታ ይወስናል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይናገሩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ኒፌዲፒን፣ እንዲሁም የአካል ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው ሰዎች የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ድድን ሊያሳብጡ ይችላሉ፤ ሆኖም ያዘዘውን ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም። የስኳር ሕመም ካለብዎም አይደብቁ፤ ያልተስተካከለ ስኳር የድድ በሽታን ያባብሳል፣ ያልታከመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።