የመጨረሻው ዓመት የዋርድ ልምምድ፦ ሥራ ሳይሆን ታካሚ ጠይቁ

የመጨረሻ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ከሆናችሁ፣ አሁን የምትወጡበት የዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ልምምድ ከዚህ በፊት እንደወጣችሁበት አይደለም። የሰዓቱ ብዛት አይደለም ልዩነቱ። እስካሁን የምትመዘኑት አንድን ነገር መሥራት መቻላችሁ እየታየ ነበር፤ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማድረግ፣ ቁስል ማጠብ። አሁን ጥያቄው ሌላ ነው። ይህች ልጅ፣ ይህ ልጅ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሊት ተረኛ ቢሆኑ ታካሚዎቹን አምነን ትተንላቸው መሄድ እንችላለን ወይ? የሙያ ፈቃድ ማለት ይኸው ነው። ያን ቀን ከእናንተ ፊርማ በላይ የሚፈርም ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ጠዋት ዋርድ ስትገቡ «የምሠራው ነገር አለ?» አትበሉ። «ዛሬ የትኞቹን ታካሚዎች ልያዝ?» በሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ከገባችሁ ቀኑን ሙሉ የሁሉንም ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት) ስትለኩ፣ ናሙና ስታደርሱ፣ አልጋ ስታነጥፉ ትውላላችሁ። እነዚህ ሥራዎች አይናቁም። ግን ተቆራርጠው ሲሰጧችሁ የአንዱም ታካሚ ነገር በወጉ አይገባችሁም። የ7 ቁጥሩ ታካሚ ሽንት መቀነሱን ያየው አንድ ሰው፣ የልብ ምቱ መፍጠኑን የለካው ሌላ፣ ሌሊቱን ሲያስመልሰው ማደሩን የሰማው ደግሞ ሌላ ከሆነ፣ ሦስቱን አገናኝቶ «ይሄ ሰው እየደከመ ነው» የሚል ማንም አይገኝም። ታካሚውን የያዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ሦስቱም እናንተ ጋ ይደርሳሉ።

በስንት ታካሚ ትጀምሩ? በአንድ ወይም በሁለት። ከዚያ በየሳምንቱ ጨምሩ። ልምምዱ ሊያበቃ ሲል በዚያ ዋርድ አንድ ነርስ የሚይዘውን ያህል፣ ፕሪሴፕተራችሁ (ዋርድ ላይ የምትከታተላችሁና የምትመዝናችሁ ነርስ) አጠገባችሁ ሆና፣ ብትይዙ ጥሩ ነው። ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበትና ጻፉት፤ ካልተጻፈ ዋርዱ ሲጨናነቅ ይረሳል።

ሎግቡኩን በመጀመሪያው ምሽት አንብቡት

ብዙ ተማሪ ሎግቡኩን፣ የሠራቸው ክህሎቶች የሚፈረሙበትን መዝገብ፣ የሚከፍተው ማስፈረሚያ ቀን ሲደርስ ነው። ያኔ ፕሪሴፕተሯ እረፍት ወጥታለች፣ ወይም ሽፍቷ ተቀይሯል፣ ወይም ያንን ክህሎት ስትሠሩ ማን እንዳያችሁ ማንም አያስታውስም። በመጀመሪያው ምሽት አንብቡትና ያልሠራችሁትን ሁሉ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ይህ ዋርድ ሊሰጣችሁ የማይችለው የትኛው እንደሆነ ለዩ። የአጥንት ሕክምና ዋርድ ላይ የወሊድ ክትትል አታገኙም። እንዲህ ያለውን ሌላ ክፍል ሄዳችሁ የምትሠሩበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፊርማ በሠራችሁበት ቀን ይፈረም። የመሐል ግምገማውም እንዳይዘለል፤ ድክመታችሁን ለማረም ጊዜ ሳለ የምትሰሙት እዚያ ላይ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው አካል የሚፈልጋቸውን ሰነዶች ዝርዝርም አሁኑኑ ከራሱ ውሰዱ፣ ከጓደኛ ከጓደኛ አትስሙ። የልምምድ ሰዓት የሚቆጠርበት መንገድ፣ ማን መፈረም እንዳለበት፣ ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፊደል መሆኑ፣ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው ግን ሰውን ያስጠብቃሉ።

ሽፍቱ እንዴት ይዋላል

ለርክክብ (ወጪው ተረኛ ታካሚዎቹን ለገቢው ለሚያስረክብበት) 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። አንድ ወረቀት አጥፉና ለእያንዳንዱ ታካሚ ቦታ ስጡት፦ አልጋ፣ ሕመሙ፣ አለርጂ፣ መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት፣ የሚጠበቅ ውጤት። (ይህ ወረቀት የታካሚ ምስጢር ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ቤት እንዳይገባ፤ ከመውጣታችሁ በፊት በሆስፒታሉ ደንብ መሠረት አስወግዱት።)

ርክክቡ ሲያልቅ ቻርት (የታካሚው መዝገብ) ጋ አትሂዱ። መጀመሪያ ታካሚዎቹ ጋ ሂዱ። ስማችሁን ተናገሩ፣ ተማሪ መሆናችሁንም። አተነፋፈሳቸውን እዩ፣ መልካቸውን እዩ፣ ድሪፑ (በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ) የሚሄደው በታዘዘው ፍጥነት መሆኑን፣ ካኑላው ያበጠበት ወይም የቀላበት ቦታ መኖሩን፣ የሽንት ከረጢቱን፣ ኦክስጅኑን እዩ። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከዚያ በኋላ ነው ቅደም ተከተል የምታወጡት፦ ማን ሊደክም ይችላል፣ የማን መድኃኒት ሰዓት አይጠብቅም፣ የቀረው ደግሞ ይደርሳል። የሐሳባችሁን ቅደም ተከተል ለፕሪሴፕተራችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሯት። «በ3 ቁጥር እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም...» በሉ። እሷ የምትመዝነው ያንን «ምክንያቱም» ነው፤ የፈቃድ ፈተናውም «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» እያለ የሚጠይቃችሁ እሱኑ ነው።

አሁን ስለ ትንፋሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ ነገር እኔን አስደንግጦኝ ያውቃል። ተማሪ ሳለሁ አንድ ዋርድ ላይ ከእኔ በፊት የተጻፈው ሁሉ 18 ነበር። የሁሉም ታካሚ፣ በሁሉም ሰዓት፣ 18። እኔም አንድ ጠዋት ሳልቆጥር 18 ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣች ነርስ የአንዱን ታካሚ እጅ ይዛ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፣ 30 ነበር። በሽተኛው በጊዜ ታክሞ ተረፈ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልቆጥር ጽፌ አላውቅም። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፤ ሰው ሲደክም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደም ግፊቱ በፊት የሚለወጠው እሱ ነው። ኒውስ 2 የሚባለው የማስጠንቀቂያ ሰንጠረዥ ትንፋሹ 25 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በዚያ ብቻ 3 ነጥብ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የልብ ምት የምትለኩ እየመሰላችሁ፣ እጁን እንደያዛችሁ፣ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ሰው መቆጠሩን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል።

ስልክ ማንሳትን ተለማመዱ

ተማሪ ከሁሉ የሚፈራው ሐኪም መጥራትን ነው። አዲስ ነርስም እንደዚያው። ስለዚህ ፕሪሴፕተራችሁ አጠገባችሁ እያለች እናንተ ደውሉ። ኤስባር የሚባለውን አካሄድ ተጠቀሙ፤ የሆነው ነገር፣ ከበስተጀርባው ያለው፣ እኔ የማስበው፣ የምፈልገው። እንዲህ ይሆናል፦

«ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው፣ ተማሪ ነርስ ነኝ፣ ፕሪሴፕተሬ አጠገቤ ናት። የደወልኩት የ7 ቁጥር ታካሚ ትንፋሻቸው 28 ስለገባ ነው። ትናንት የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፣ ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው። የላይኛው የደም ግፊታቸው ጠዋት 125 ነበር፣ አሁን 98 ነው። የልብ ምታቸው 118። ባለፉት 2 ሰዓታት የሸኑት 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ደም እየፈሰሳቸው ወይም ኢንፌክሽን ገብቶባቸው እንዳይሆን ሰግቻለሁ። አሁኑኑ መጥተው ቢያዩዋቸው። እስከዚያ ምን ልጀምር?»

ቁጥሮቹን አስተውሉ። አዋቂ ሰው ቢያንስ በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት መሽናት አለበት፣ ስለዚህ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በ2 ሰዓት 60 ይጠበቃል። «ታካሚው ትንሽ ደከም ብለዋል» ብትሉ ሐኪሙ «እመጣለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ቁጥር ስትሰጡት ይነሳል። ከመደወላችሁ በፊት ቻርቱን ያዙ፣ የታዘዘላችሁን መልሳችሁ አንብቡለት፣ የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

መድኃኒት

ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። ይህን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ችግሩ የሚመጣው ስትጣደፉ ነው። የታካሚውን ስም እናንተ ጠርታችሁ «እርስዎ ነዎት?» አትበሉ፤ የደከመ ሰው ለማንኛውም ስም «አዎ» ይላል። ራሱ ሙሉ ስሙን ይንገራችሁ፣ ከዚያ ከካርዱ ወይም ከእጁ መለያ ጋር አመሳክሩ።

ስሌቱን ሁልጊዜ ለብቻችሁ ሥሩ። ለምሳሌ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል፣ ድሪፑ ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። 1000 በ20 ይባዛል፣ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፣ 42 ጠብታ ገደማ በደቂቃ። ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥላችሁ ስትጠይቁ መልሳችሁን አትንገሩት። ራሱ ይሥራው፣ ከዚያ ታስተያያላችሁ። ስትጽፉም 0.5 እንጂ .5 አትበሉ፣ ነጥቧ ካልታየች 5 ትሆናለች። 5.0 ደግሞ 50 ይመስላል፣ 5 ብቻ ይበቃል። የኢንሱሊን መጠን ስትጽፉ «ዩኒት» የሚለውን በሙሉ ጻፉት እንጂ በአንድ ፊደል አታሳጥሩት፤ ፊደሏ ዜሮ መስላ 10 የነበረው 100 ተብሎ ተነቦ ያውቃል። ሌላ ሰው የቀዳውን መርፌ አትስጡ። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በቀጥታ በደም ሥር አይገፋም፣ ማንም ቢያዝዝ።

አንዳንዴ ዋርዱ ሲጨናነቅ «አንተ ጎበዝ ነህ፣ ብቻህን ስጠው» ትባላላችሁ። ደስ ይላል። ግን ፈቃድ የላችሁም። «እሠራዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አብረውኝ ይቁሙ» በሉ። ይህን ማለት የሚከብዳችሁ ከሆነ ቤት ውስጥ ተለማመዱት፣ የምሬን ነው።

ስህተት ከሠራችሁ መጀመሪያ ታካሚውን እዩ፣ ወዲያው ለፕሪሴፕተራችሁ ንገሩ፣ ከዚያ የሆነውን እንደሆነ ጻፉ። የተደበቀ ስህተት ታካሚውን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። መርፌ ድንገት እጃችሁን ቢወጋ ደግሞ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ በዚያው ሰዓት አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በተቻለ ፍጥነት ነው፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የት እንደሚገኝ በመጀመሪያው ቀን ጠይቃችሁ እወቁ። ለዚህ ማፈር የለም።

ማታ ብዙ ለማንበብ አትሞክሩ፣ ደክሟችኋል። ከያዛችኋቸው ታካሚዎች አንዱን ምረጡና ስለ እሱ ሕመም፣ ስለሚወስደው መድኃኒት፣ ሊመጣበት ስለሚችለው ችግር ግማሽ ሰዓት አንብቡ። ለፈተናው ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላየሁም፤ ጥያቄ ስታዩ የምታስታውሱት የመጽሐፉን ገጽ ሳይሆን ያንን ሰው ነው። ታካሚ የሞተባችሁ ቀን ግን መጽሐፉ ይቅር። አብሯችሁ ከነበረ ሰው ጋር አውሩ።

አስተያየት ስትጠይቁ «እንዴት ነኝ?» ካላችሁ «ጎበዝ ነሽ» ትባላላችሁ፣ ያለቀ ነገር ነው። «ዛሬ ርክክቤ ላይ ምን ጎደለ?» በሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ የታካሚዎቻችሁን ርክክብ እናንተ ስጡ፣ ፕሪሴፕተራችሁ ዝም ብላ ትስማ፣ የሚያሰጋ ነገር ካልቀረ በቀር ጣልቃ አትግባ። ስትጨርሱ የጎደለውን ትንገራችሁ። ጻፉት፣ በማግስቱ ከዚያ ጀምሩ።