ውሮ ታስነጥሳለች፣ ምግብም ትታለች፦ ምን ይደረግ?

ደሴ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢ ውስጥ ያድራል። የኛ ውሮ ማስነጠስ የጀመረችው እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። እናቴ «ብርድ መትቷታል» አለች። የድመት ጉንፋን ግን በብዛት የሚመጣው ከሁለት ቫይረሶች ነው፤ ከድመት ሄርፒስና ከካሊሲ። የሚይዛት ከሌላ ድመት ነው። ሁለቱም ወደ ሰው አይተላለፉም። ብዙ ድመቶች ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሻላቸዋል። እስከዚያ የኛ ሥራ ማስታመም ነው።

ምግብ አልበላም አለች

ከዚህ የምጀምረው ከማስነጠሱ ይልቅ የሚያሰጋው ይሄ ስለሆነ ነው። ድመት ምግቧን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። አፍንጫዋ ከተዘጋ ሥጋ ፊቷ ቢቀመጥም ምግብ አይመስላትም። እኔ ይሄ አልገባኝም ነበር። «ሲርባት ትበላለች» ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ተውኳት። ተሳስቻለሁ። ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። ያ ደግሞ ከጉንፋኑ የባሰ ነው፤ በተለይ ወፍራም ከሆነች።

መፍትሄው ሽታ ያለው ለብ ያለ ምግብ ነው። እኔ የሐይቅ ዓሣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቀልኩላት። አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ከነመረቁ ለብ ሲል ጠብታ በጣቴ ከንፈሯ ላይ ቀባሁላት። ላሰችው። ከዚያ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ሰጠኋት። ከወጡ ግን አትስጧት፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ደም ይጎዳል። ወተት ደግሞ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

አፍንጫዋ ተዘግቷል፣ ስትተነፍስ ያንኮራፋታል

ንፍጡ ደርቆ ነው። ንጹህ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አርጥቡት፣ ከዚያ ጥረጉት። ቀጥሎ እንፋሎት ነው። ጠባብ ክፍል ዘግታችሁ የፈላ ውሃ እሷ በማትደርስበት አስቀምጡ። አብራችኋት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጡ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ከምግብ በፊት ከሆነ የበለጠ ይጠቅማል። ለሰው የምንታጠነውን ባህር ዛፍ ግን አትጨምሩበት። ዘይቱ ለድመት መርዝ ነው። ቪክስም እንደዚያው።

ጪሱን ነገር አደራ። ወሎ ቤት ቡና ያለ እጣን አይፈላም፤ ውሮ ደግሞ ምድጃ ዳር መተኛት ትወዳለች። የቆሰለ የመተንፈሻ ቱቦ ጪስ አይችልም። እስኪሻላት እኛ ቡናውን በረንዳ አወጣነው። እትየ ጎረቤታችን «ለድመት ብላችሁ ነው?» ብላ ገርሟት ነበር። በማግስቱ ግን ራሷ ረከቦቱን ይዛልን ወጣች።

ዓይኗ ተጣብቋል

ለብ ባለ ውሃ አርሳችሁ ጥረጉ፤ ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጨርቅ። ጨፍና መክፈት ካቃታት ዓይኗ ቆስሎ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። ቤት የተረፈ የሰው ጠብታ አታድርጉባት።

ለሃጯ ይዝረበረባል

ካሊሲ ምላስን ያቆስላል። ስለዚህ የላመ ምግብ ስጧት። ነገር ግን ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ከተናከሰች ወይም ውሻ ነክሷት ከነበረ እብድ ውሻ በሽታን አስቡ። አትንኳት፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ሰው ከነከሰች ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

መድኃኒት ልስጣት?

ፓራሲታሞል ፈጽሞ! አንዲት ፍሬ ድመት ትገድላለች። ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክም ቫይረስ አይገድልም። ባክቴሪያ ከተደረበበት ሐኪሙ በክብደቷ ልክ ያዝላታል።

ሌላ ድመት ካለ ሳህናቸውን ለዩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሄርፒስ ከዳነችም በኋላ ሰውነቷ ውስጥ ስለሚቀር፣ ቤት ስትቀይሩ ወይም ስትጨነቅ ማስነጠሱ ሊመለስ ይችላል።

አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን እንፋሎት አትሞክሩ፤ ያኔውኑ ሂዱ። 24 ሰዓት ካልበላች፣ ከ10 ቀን በኋላም ካልተሻላት፣ እንዲሁም ግልገል ከሆነችና መብላት ከተወች አትጠብቁ። እኛ አካባቢ ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮች በብዛት የሚያዩት በግና ከብት ነው። ቢሆንም ካርቶን በስታችሁ፣ በጨርቅ አሙቃችሁ ውሰዷት። መቼ ጀምሮ እንዳልበላችና ምን እንደሰጣችኋት ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።