ጭነት የበዛበት መኪና ከፍ አልል ሲል ከየት ይጀመራል?

ቁመቱን በቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መኪና ጭነት በዝቶበት ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓምፑ ነው። ቀጥሎ ቁመቱን የሚለካው ሴንሰር። ከዚያ ኮምፒውተሩ። ሞላውን የሚያስታውሰው የለም። እኔ ግን ከሞላው ነው የምጀምረው።

የማወራው በደንብ ስለማውቃቸው ስለ ላንድ ክሩዘር 100 እና ስለ ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ነው። የኔው 100 የመሬት ቅየሳ ዕቃ፣ ውሃና ትርፍ ነዳጅ ተሸክሞ ነው የሚውለው። ኋላው ባዶ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። ይህ ቁመት መቆጣጠሪያ በሃይድሮሊክ ነው የሚሠራው። ፓምፑ ዘይት ወደ አራቱ አሞርዛተሮች ሲገፋ መኪናው ይነሳል፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ሲመለስ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ጎማ ደግሞ ናይትሮጅን የታመቀበት የብረት ኳስ አለው። የመንገዱን ጉብታ የሚውጠው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። መኪናውን በዋናነት የሚሸከመው ዘይቱ አይደለም። ፊት ሁለት ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሸከም የብረት ዘንግ፣ ኋላ ሁለት ጥቅል ሞላ አለ። ዘይቱ የሚሸከመው ከእነሱ የተረፈውን ብቻ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ባሩ ይላላል፣ ሞላው ይሟሽሻል። ባለቤቱ በዚያ ላይ የብረት ባምፐር ይጨምራል፣ ዊንች ያስራል፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ ያስገጥማል፣ ሁለተኛ ታንከር ያስገባል። ይህ ሁሉ የሚወርደው ዘይቱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ክብደት አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁመት ነው። የታዘዘው ቁመት እስኪሞላ ድረስ ፓምፑን ያስገፋዋል። ስለዚህ መኪናው ከውጭ ሲታይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ውስጡ ግን ግፊቱ ከልኩ አልፏል።

በመደበኛው ቁመት፣ በ«ኤን»፣ ደህና የነበረ መኪና ወደ ከፍተኛው ቁመት፣ ወደ «ኤች»፣ አልሄድ የሚለውም ለዚህ ነው። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ሞላው ይዘረጋል፤ የተዘረጋ ሞላ ደግሞ የሚሸከመው ያንሳል። የቀረው ክብደት ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ከፍታው ላይ ለመድረስ ከፍተኛ ግፊት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ግፊቱ አልበቃ ሲል ፓምፑ ጥቂት ታግሎ ይተወዋል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ፓምፑ ሞተ ማለት አይደለም። ፓምፑ እንዳይቃጠል ኮምፒውተሩ ነው ያስቆመው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ጭነቱን በማውረድ ነው። ሁሉንም አውርዱ፤ ጣሪያ ላይ ያለውንም። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ከዝቅተኛው ቁመት፣ ከ«ኤል»፣ ወደ «ኤን»፣ ከ«ኤን» ወደ «ኤች» አንሱት። ባዶውን ያለ ችግር ከወጣና ሲጫን ብቻ እምቢ ካለ ፓምፑ፣ ሴንሰሩና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ ጉዳዩ የሞላና የክብደት ነው። ባዶውንም ካልወጣ ወደ ዘይቱ፣ ወደ ፓምፑና ወደ ሴንሰሩ ሂዱ። ይህቺ ቀላል ፈተና ብዙ ገንዘብ ታድናለች። አንድ ጋራዥ ያለ ምንም ልኬት አራቱንም ኳስ ቀይር ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ የኔ መኪና የፈለገው የቶርሽን ባር ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ሜትር አውጡ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በ«ኤን» ይቁም። ከጎማው መሃል ነጥብ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። በ100 ላይ ፊት 50 ሳንቲ ሜትር፣ ኋላ 52 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጠበቃል። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው መጠንና ነፋሱ ያሳስታችኋል። ግራና ቀኙ ፊት ላይ ከተለያየ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሁለቱ ቶርሽን ባሮች እኩል አለመጥበቃቸውን ነው።

ሦስተኛው ኳሶቹን መፈተሽ ነው። ይህንንም ባዶውን። የዘይት ማጠራቀሚያው ጎን ላይ መስመሮች አሉ። መኪናውን «ኤች» ላይ አድርጋችሁ ዘይቱ የደረሰበትን መስመር ያዙ። ከዚያ «ኤል» ላይ አውርዱትና እንደገና እዩ። ሲወርድ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፣ መጠኑም ከፍ ይላል። ኳሶቹ አዲስ ከሆኑ ልዩነቱ 14 መስመር አካባቢ ነው። ወደ 7 ከወረደ ናይትሮጅኑ አልቋል፣ አዲስ ኳሶች ማዘጋጀት ነው። የሞተ ኳስ በአነዳድም ይታወቃል። ትንሿ ጉብታ ሁሉ ወገብ ላይ ትመጣለች፣ መኪናው እንደ ጋሪ ይነጥራል። ልብ በሉ፤ ግፊቱ ልክ ሳይሆን ይህን ፈተና ብታደርጉ ውጤቱ ያታልላል። ስለዚህ ሞላው ተስተካክሎ ድገሙት።

የሚቀጥለው መሣሪያ ይፈልጋል። ግፊቱን የሚያነብ የምርመራ ኮምፒውተር ያለው መካኒክ ዘንድ ሄዳችሁ የፊቱን ንባብ ጠይቁ። ልኩ 6.9 ሜጋፓስካል ነው፤ ከዚያ በ0.5 ሜጋፓስካል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ቶርሽን ባሩን አጥብቁ። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ግራ ይጋባል። በተራ መኪና ላይ ብሎኑን ስታጠብቁ ፊቱ ይነሳል። እዚህ ግን ቁመቱን የያዘው ኮምፒውተሩ ስለሆነ መኪናው እንዳለ ይቆማል፤ የሚቀየረው ግፊቱ ነው። ሸክሙ ከዘይቱ ወደ ብረቱ ይሸጋገራል። አንድ ሙሉ ዙር ግፊቱን በ0.2 ሜጋፓስካል ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱንም ጎን እኩል አዙሩ፣ ትንሽ ነዱት፣ እንደገና ይነበብ። ብሎኑ ዝጎ ከሆነ ከቀናት በፊት የዝገት ማላቀቂያ ይረጭበት፣ አለበለዚያ ይቆረጥና ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ኋላ የሚጠብቅ ብሎን የለም። ምርጫው ሦስት ነው። ሞላው ከተሟሸሸ አዲስ መግጠም፣ ከሞላው ላይ ማስረዘሚያ ጎማ ማስገባት፣ ወይም ጠንከር ያለ ሞላ መግዛት። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ጭነታችሁ ነው። ዕቃው እንደኔ ከመኪናው የማይወርድ ከሆነ ጠንካራ ሞላ ግጠሙ፣ ግፊቱንም ያ ጭነት እላዩ ላይ እያለ አስለኩ። አንዳንዴ ብቻ የምትጭኑ ከሆነ ግን ጠንካራ ሞላ አትግጠሙ። ባዶውን ሲሄድ ግፊቱ ከልክ በታች ይወርድና መኪናው ይደርቃል። ለእናንተ የሚሻለው በጥቅል ሞላው ውስጥ የሚገባው የአየር ከረጢት ነው፤ ስትጭኑ ትነፉታላችሁ፣ ስታወርዱ ታስተነፍሱታላችሁ።

አንድ የማልወደው ዘዴ አለ። የሴንሰሩን ዘንግ አሳጥሮ ወይም አስረዝሞ ኮምፒውተሩን ማታለል። ኮምፒውተሩ መኪናው ዝቅ ያለ ይመስለውና ያነሳዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፣ ወጪም የለውም፣ መኪናውም ያምራል። ግን ክብደቱ የትም አልሄደም፤ ሞላው ይበልጥ ተዘርግቶ ዘይቱ ላይ ሌላ ሸክም ተጨመረ። ጭነት ባለበት መኪና ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ኳሱን በቶሎ ይገድላል። ዘንጉ መነካት ያለበት ሜትር ይዛችሁ ወደ ትክክለኛው ቁመት ለመመለስ ነው።

ሴንሰሮቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ፊት፣ አንድ ኋላ። ጭቃና ውሃ ይጎዳቸዋል፣ የዘንጉ መገጣጠሚያም ይዝጋል። መኪናው ቆሞ እያለ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ እነሱን ጠርጥሩ። መብራቱ በርቶ በምርመራ ኮምፒውተሩ የሚነበበው የብልሽት ኮድ ሲ1711፣ ሲ1712 ወይም ሲ1713 ከሆነ የሴንሰር ነገር ነው። ሲ1762 ከሆነ የዘይት ግፊት ችግር ነው፣ ወደ ላይኞቹ አንቀጾች ተመለሱ።

ዘይቱ የራሱ ዓይነት አለው። የመሪ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት አይተካውም። መጠኑን በ«ኤን» እዩ። ከጠቆረ ይቀየር። ስትቀይሩ መኪናው «ኤል» ላይ ወርዶ ሞተሩ ይጥፋ፤ የማስተንፈሻ ብሎኖቹም በቀስታ ይከፈቱ፣ ቱቦ ሳይገጠምባቸው አይሆንም። ግፊት ያለበት ዘይት ዓይንና ቆዳ ላይ ቀልድ አይደለም። መኪናውን በክሪክ ስታነሱ ደግሞ አስቀድማችሁ የቁመት መቆጣጠሪያውን የማጥፊያ ቁልፍ ተጫኑ። በብረት እግር ሳይደገፍ ከሥሩ አትግቡ። ቁመቱን የያዘው ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ በሰከንድ ይለቃል።

የእናንተ መኪና በዘይት ሳይሆን በአየር የሚነሳ ከሆነ ዋናው ጠላት ማፍሰስ ነው። ሌሊት አድሮ አንዱ ጥግ ወርዶ ከተገኘ የሳሙና ውሃ አረፋ ከረጢቱና መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀቡ፤ አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። ኮምፕረሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ኮምፕረሰር ብዙ ጊዜ የሚሞተው የሚያፈስ ከረጢት ሲሞላ ውሎ ነው።

መንገድ ላይ ሳላችሁ ተጭኖ መብራቱ ቢበራስ? ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ፓምፑ ይቀዝቅዝ። ከባዱን ዕቃ ከኋለኛው በር አንስታችሁ ወደ ወንበሩ ጀርባ አስጠጉት፤ ጣሪያ ላይ ያለውን የሚቻለውን ያህል ወደ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ፣ «ኤን» ላይ ከቆመ «ኤች»ን አትሞክሩ። ካልቆመና ኋላው ሞላው ላይ ከተኛ ማጥፊያውን ተጭናችሁ በዝግታ ንዱ፤ ጉድጓድ ስታዩ በእግር ጉዞ ፍጥነት እለፉት።