ልጅን ከትምህርት ቤት ውጪ ማስጠናት፦ መጀመሪያ ስህተቱን አንብቡ

ልጁ በሒሳብ ደከመ ይባልና አስጠኚ ይቀጠራል። አስጠኚው ደግሞ ክፍል ውስጥ የተሰጠውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከዚያ ምዕራፍ በፊት፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ክፍል ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አስጠኚ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ምሽት ደብተር መርምሩ።

የሁለት ሳምንት የቤት ሥራና ፈተና ዘርግታችሁ የሳታቸውን ጥያቄዎች ብቻ ልቀሙ። ከዚያ ምንም ሳትነግሩት፣ መልሱንም ሸፍናችሁ፣ እንደገና ይሥራቸው። ወዲያው ካስተካከለ ስህተቱ የችኮላ ነው። ብዕሩን አስቀምጦ ካያችሁ ነገሩን ጭራሽ አልተማረውም። ያንኑ ስህተት ከደገመ ግን የተሳሳተ ደንብ ይዟል ማለት ነው፤ በጣም ልትጠነቀቁለት የሚገባው ይህንኛውን ነው።

ለምሳሌ 52 − 38 ተጠይቆ 26 የሚል ልጅ አለ። ግድ የለሽ ሆኖ አይደለም። በአንድ ቤትም በአሥር ቤትም ከትልቁ አሃዝ ትንሹን እየቀነሰ ነው፤ 8 ሲቀነስ 2 ስድስት፣ 5 ሲቀነስ 3 ሁለት። መቶ ጥያቄ ብትሰጡት መቶ ጊዜ ስህተቱን ይለማመዳል እንጂ አይታረምም። 52 ስንጥር እንጨት በአሥር በአሥር አሳስሩት፤ 5 እስርና 2 ነጠላ ይሆናል። 8 ነጠላ አንሣ ሲባል አይበቃውም፣ አንዱን እስር መፍታት ግድ ይሆንበታል። አሁን 4 እስርና 12 ነጠላ ያዘ፤ 38ቱን ሲያነሣ 14 ይቀረዋል። ከዚህ በኋላ «ከአሥር ቤት መበደር» የሚለው ቃል ትርጉም ያገኛል።

ክፍልፋይም እንዲሁ ነው። 1/2 + 1/3 ሲደመር 2/5 ያለው ልጅ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። «ተሳስተሃል» ከማለት «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ መልስ መገኘቱን ራሱ ሲያይ ደንቡን ይጠረጥራል።

አስጠኚ ስትመርጡ የዕውቀቱን ያህል ትዕግሥቱን ተመልከቱ። ለሙከራ ሁለት ቀን አስጠንቶ እዩት፤ አንድ ነገር ብቻ ታዘቡ፦ ብዕሩ በማን እጅ ነው? አስጠኚው እየሠራ ልጁ የሚያይ ከሆነ ተመልካች እንጂ ተማሪ አላገኛችሁም። ሌላው ምልክት የቤት ሥራው ሁልጊዜ ልክ ሆኖ የፈተና ውጤቱ አለመነቃነቁ ነው። አስጠኚው ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ቢያንስ 3 ሰከንድ ዝም ይላል ወይ? አብዛኞቻችን አንድ ሰከንድ እንኳ አንታገሥም። ማስጠናቱ ሰው በሚያልፍበት ክፍል ወይም በሩ ተከፍቶ ይሁን፤ ይህ ለማንም ተብሎ የማይታለፍ ነው።

ለትንንሾቹ 30 ደቂቃ፣ ከፍ ላሉት ከ45 እስከ 60 ደቂቃ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል። ቅዳሜ ላይ የተከመረ 3 ሰዓት የዚህን ያህል አይጠቅምም። 45 ደቂቃ ካላችሁ የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ልጁ ያለፈውን ደብተር ሳይገልጥ የሚያስታውስበት ይሁን። ቀጥሎ 10 ደቂቃ አንድ አዲስ ነገር፣ 20 ደቂቃ ልጁ ራሱ የሚሠራው፣ የቀረው ደግሞ ልጁ መልሶ የሚያስረዳበት ነው። መጨረሻ ላይ አስጠኚው ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ምን ተሠራ፣ የት ተቸገረ፣ ቀጣዩ ምንድን ነው። ወላጅ ትምህርቱን ባያውቀው እንኳ ይህን አንብቦ መከታተል ይችላል።

ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ ደብተር ዘግቶ ማስታወስ ግን ዕውቀቱን ያጸናዋል። ለዚህ በአንድ ፊቱ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ የተጻፈበት ካርድና ሦስት ሳጥን ይበቃል። አንደኛው ሳጥን በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ይከፈታል። የተመለሰ ካርድ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ የተሳተ ወደ አንደኛው ይመለሳል። በቀን ከ3 በላይ አዲስ ካርድ አትጨምሩ፤ ሳጥኑ ሲጨናነቅ ልጁ ይተወዋል።

የማባዣ ሰንጠረዥ መቶ ነገር መስሎ ልጆችን ያስፈራል። 7 × 8 እና 8 × 7 አንድ መሆናቸውን ካወቀ ግን 55 ብቻ ይቀራል። የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ቀላል ስለሆኑ ሲወጡ 21 ይሆናል። የ9 በአሥር አባዝቶ ያንኑ ቁጥር አንድ ጊዜ መቀነስ ነው፤ እሱም ሲወጣ 15 ካርድ ብቻ ይተርፋል።

ለንባብ በቀን 15 ደቂቃ አብራችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ልጁ «ብቻዬን ላንብብ» ለማለት ጠረጴዛውን መታ ሲያደርግ እናንተ ዝም በሉና ብቻውን ይቀጥል። ሲሳሳት 4 ሰከንድ ያህል ጠብቁት፤ ካላረመ ቃሉን ንገሩት፣ ይድገመው፣ ከዚያ እንደገና አብራችሁ ቀጥሉ። ፊደል የሚቆጥር ግን ትርጉም የማይገባው ልጅ «አለ»ን ላልቶም ጠብቆም የሚነበብ መሆኑን አያስተውልም፤ «የቱ ነው እዚህ ጋ? ምን ነገረህ?» በሉት። በአንድ ገጽ ከ5 በላይ የማያውቀው ቃል ካጋጠመው መጽሐፉ ለጊዜው ይቆየው።

የቤት ውስጥ ሥራ ጥናት መምሰል የለበትም። 3/4 ኩባያ የሚለውን የምግብ መመሪያ ለግማሹ የሰው ቁጥር ያስላው፤ ክፍሉን በእርምጃ ገምቶ በሜትር ይለካው። መገመቱ ከመለካቱ በፊት ይሁን፤ አለዚያ ቁጥር ማንበብ ብቻ ይሆናል። ጨዋታው መሐል ፈተና ካስገባችሁበት ግን በሚቀጥለው ቀን ልጁን አታገኙትም።

መጽሐፍ ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋ፣ የሚያጨናብስ ወይም ሲያነብ ራሱን የሚያመው ልጅ ከአስጠኚ በፊት የዓይን ምርመራ ይፈልጋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፤ እንቅልፉን ቆርጦ የተጨመረ ጥናት ኪሳራ ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቀን የሳታቸውን ጥያቄዎች ቁጥራቸውን ብቻ ቀይራችሁ መልሳችሁ ስጡት። ከአሥሩ ስምንቱን ያለ እገዛ ከሠራ አስጠኚውን በሳምንት ወደ አንድ ቀን አውርዱት። ካልሠራ ሰዓት አትጨምሩ፤ እንደገና ደብተሩን ዘርጉና አንድ ክፍል ወደ ኋላ ሂዱ።