በአዲስ አበባ ዙሪያ በአነስተኛ ቦታ ፍየል እንዴት እንደሚረባ

ፍየል የደረቅና የሞቃት አገር እንስሳ ናት። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በሆለታ የሚያረባት ሰው ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው፣ ክረምቱ ጭቃ፣ የበጋው ሌሊት ውርጭ በሆነ ምድር ላይ ነው የሚያኖራት። በዚህ አካባቢ ፍየልን ከረሃብ ይልቅ የሚጎዳት እርጥበት በመሆኑ፣ ፍየል ከመግዛት አስቀድሞ ቤቷ መሠራት አለበት።

ለአንዲት ያደገች ፍየል ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ቦታ ይበቃታል። ጉረኖው ውኃ በማይተኛበት ቦታ ላይ ይቁም፤ ወለሉም ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ አጠና ይረብረብ። በአጠናዎቹ መካከል 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከተተወ፣ በጠጡና ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የግልገል እግር ግን አይገባም። ብዙ ሰው ብርዱን ፈርቶ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ድረስ ይደፍነዋል፤ ይህ ትልቅ ጉዳት አለው። ግድግዳው ፍየሎቹ እስከሚቆሙበት ከፍታ ድረስ ተደፍኖ ከጣሪያው ሥር አየር ማስወጫ ሊተውለት ይገባል። ጠዋት በሩን ከፍተው ጎንበስ ሲሉ የሽንቱ ሽታ ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት፣ ፍየሎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሳንባቸውን የሚጎዳ አየር ሲስቡ አድረዋል ማለት ነው።

ለእርባታ የሚሆኑ ፍየሎችን ከካራ ወይም ከሾላ ገበያ ከመግዛት፣ በአቅራቢያው ካለ ደገኛ ገበሬ ቤት ሄዶ መምረጥ ይሻላል። ገበያው ከየአገሩ የመጡ እንስሳት የሚቀላቀሉበት ስለሆነ በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ከቆላ በቅርቡ የመጣች ፍየልም የደጋውን ክረምት በቀላሉ አትችለውም። ሲመርጡ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጣ ካለ ግን ደም አንሷታል፤ ብዙውን ጊዜም ደሟን የሚመጥ ትል ይኖርባታል። ከአገጯ በታች እብጠት፣ በጭራዋ ሥር የተቅማጥ ምልክት፣ በጡቷ ላይ የጠጠረ ነገር እንዳይኖርም ይዳስሱ። አዲስ የመጣችውን ከነባሮቹ ለይቶ 3 ሳምንት ማቆየት ያስፈልጋል።

ፍየል ከሣር ይልቅ ቅጠል ትወዳለች፤ የረገጠችውንና የቆሸሸውን መኖ ደግሞ አትነካም። ስለዚህ ቅጠሉን አስሮ ከራሷ ከፍታ ላይ መስቀል ብክነትን በእጅጉ ይቀንሳል። በአጥር ዙሪያ ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ መትከል ለደጋው እጅግ ተስማሚ ነው። ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ሲጨመርበት፣ በተለይ ለምታጠባና ለእርጉዝ ፍየል፣ ጥሩ ቀለብ ይሆናል። የጠላ አተላም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ትኩስ የወጣ መሆን አለበት፤ አመጋገቡም በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር ይሁን። ንጹሕ ውኃና አሞሌ ጨው ምንጊዜም ከአጠገቧ አይጥፋ። በከተማ ዳር የምትሰማራ ፍየል ፌስታል ትበላለች፤ ፌስታሉ በጨጓራዋ ተጠራቅሞ ስለሚገድላት ቆሻሻ ወደሚጣልበት አይነዷት።

በክረምትና ከክረምት በኋላ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ማሰማራት ለጉበት ትል ያጋልጣል። የትል መድኃኒት ክረምቱ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ በክብደቷ መጠን ይሰጣታል። ደስታ መሰል የተባለው ተላላፊ በሽታ፣ የፍየል ሳንባ ምችና ፈንጣጣ ክትባት አላቸው፤ ክትባቶቹም በቢሾፍቱ ስለሚመረቱ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ጊዜውን አስቀድሞ መያዝ ነው። ሰኮናዋ በጭቃ ወራት ቶሎ ስለሚረዝምና ስለሚበሰብስ በየ2 ወሩ ይከርከም።

የእርግዝናዋ ጊዜ 150 ቀን ገደማ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የተጠቃች (ከአውራ ጋር የተገናኘች) ፍየል በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም ዝናቡና ብርዱ በበረታበት ወቅት ትወልዳለች፤ ግልገሎች በብዛት የሚሞቱትም ያኔ ነው። በግንቦት አጋማሽ ወይም በሰኔ ከተጠቃች ግን በጥቅምትና በኅዳር፣ ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ ትወልዳለች። አውራውን ከእንስቶቹ ለይቶ ማኖር ግዴታ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ስላለው፣ ለግልገሎቹ ነፋስ የማይገባበት፣ ገለባ የተነጠፈበት ጥግ ያዘጋጁላቸው።

ግልገሉ እንደተወለደ አፍና አፍንጫው ይጸዳል፤ እትብቱ በአዮዲን ይነከራል። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንገር (የእናቱን የመጀመሪያ ወተት) መጥባት አለበት፤ በሽታ የመከላከል አቅም የሚያገኘው ከእንገሩ ስለሆነና ሰዓታት ባለፉ ቁጥር አንጀቱ ያንን የመቀበል ችሎታው ስለሚቀንስ ነገ ይጠባል ብሎ መተው አይገባም። መቆም ያቃተውን ግልገል ገላውን በደረቅ ጨርቅ አሽተው ካሞቁት በኋላ፣ የእናቱን ጡት በእጅዎ ወደ አፉ ያስጠጉለት። በ3 ወሩ ጡት ይጥላል፤ ወንዶቹ ከእህቶቻቸውና ከእናታቸው ጋር እንዳይጠቃቁ ከ4 ወር በፊት ይለዩ፤ ለእርባታ የማይፈለጉትም በባለሙያ እጅ ተኮላሽተው ለሙክት ይቀለባሉ።