የአሬይ ቆጠራ ለምን ከ0 ይጀምራል?
ፕሮግራሚንግ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሬይ ማለት በኮምፒውተሩ ሜሞሪ (ማስታወሻ) ውስጥ ተከታትለው የተቀመጡ ዋጋዎች ዝርዝር ነው፤ ኢንዴክስ ደግሞ ከዝርዝሩ አንዱን የምንጠራበት ቁጥር። ኢንዴክሱን እንደ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» ያለ የተራ ቁጥር አትዩት። ከመነሻው ስንት ቦታ እንደምንራመድ የሚነግረን ርቀት ነው። በሲ ቋንቋ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት (የሜሞሪ መለኪያ) ቢይዝና አሬዩ የሜሞሪ አድራሻ 1000 ላይ ቢጀምር፣ የመጀመሪያው ቁጥር እዚያው 1000 ላይ ነው። ገና አልተራመድንም፤ ስለዚህ 0። ኢንዴክስ 3 ደግሞ 3 ጊዜ 4 ተራምደን 1012 ላይ ይገኛል። ለእኔ ነገሩ ጥርት ያለልኝ እንዲህ ሳስበው ነው።

5 ቁጥሮች ካሉ የመጨረሻው ኢንዴክስ 4 ነው። በአሬዩ ላይ ከ0 ጀምሮ የሚዞር ሉፕ (ኮድን የሚደጋግም ትእዛዝ) ስትጽፉ ኢንዴክሱ «ከ5 ያነሰ» በሉ እንጂ «ያነሰ ወይም እኩል» አትበሉ። በጃቫ ቋንቋ ብትሳሳቱ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይነግራችኋል። ሲ ግን ዝም ብሎ ከአሬዩ ውጪ ያለ ሜሞሪ ሊያነብ ይችላል፤ እዚያ ላይ በጣም ተጠንቀቁ።